የስኬሪ ጫፍ ቅቤ መናጫ

በልጅነቴ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ከስኬሪ ጫፍ አንድ ድምፅ ይመጣ ነበር። ድንች ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረባት ላም እምቧ ልትል ስትታገል የምታወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ሦስት ጊዜ ይጮኻል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ እንደገና ሦስት ጊዜ። እናቴ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ቀና ትልና፣ «የእጁ ጡሩምባ ነው። የትልቁ ጡሩምባ ሞተር ዛሬም አኩርፏል ማለት ነው» ትላለች። እኔም ከምድጃው አጠገብ የንባብ መጽሐፌን ታቅፌ፣ የማላውቀው አንድ ትልቅ እንስሳ በባሕሩ አፋፍ ቆሞ ስለ እኛ የሚጨነቅ ይመስለኝ ነበር።

እንስሳ አልነበረም። በዚያ አለት ላይ ላም ኖራ አታውቅም፤ ብትኖርም የመጀመሪያው የጥቅምት ነፋስ አንሥቶ አየርላንድ ባደረሳት ነበር። ድምፁ የአያቴ የሊያ ክንድ ነበር። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ የሚመጣው ነገር እንዳይደንቃችሁ ነው። በካናዳዋ ደሴት በኒውፋውንድላንድ ደቡብ ዳርቻ፣ በግራምፐስ መንደር የምንኖር የተማርን ሰዎች፣ ሊቀ መንበርና ማኅተም ያለው ኮሚቴ አቋቁመን፣ ያንን ጡሩምባ በክብር አስቀምጠን «የቅቤ መናጫ» ብለን ጽፈንበታል።

ይህን ለማስተካከል የተነሣችው የእናቴ ታናሽ እህት ኤልፍሬዳ ፑዲስተር ናት። በእኛ አገር ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሁሉ የመንደሩ አክስት ስለሆነች፣ ዘመዱም ባዕዱም «አክስት ፍሬዳ» ይላታል። ለእኔ ግን የእውነት አክስቴ ናት። በዕድሜ የምትበልጠኝ በስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሆኖም ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ አፍንጫዬን እንድጠርግ ታስታውሰኛለች።

የተወለደችው በስኬሪ ጫፍ፣ አባቷ ይጠብቀው ከነበረው የመርከብ መብራት ማማ ሥር ባለው የጠባቂ ቤት ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጎረቤቶቿ የባሕር ወፎች ነበሩ፤ እንደ እሷ አባባል ኋላ ካገኘቻቸው ጎረቤቶች ይሻሉ ነበር፤ ሲጮኹ ቢያንስ ምክንያት ነበራቸው። ከዚያ ወደ መንደር ወርዳ ሉዌሊን ፑዲስተርን አገባች። ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ፋብሪካ ቆማ የኮድ ዓሣ አጥንት ለቀመች። ሦስት ልጆች አሳደገች፤ ሦስቱም ሥራ ፍለጋ አልበርታ ገቡና በየገናው እየደወሉ «እስቲ ነፋሱን በስልኩ አሰሚን» ይሏታል። ሉዌሊን በሞተ በዓመቱ የቤቷን ጣሪያ መሰላል ላይ ወጥታ ራሷ ቀለም ቀባችው። ነፋሱ ግማሹን ቀለም ወስዶ የጎረቤቷ አዲስ መኪና ላይ ሲረጨው ከላይ ሆና፣ «ግድ የለም፣ ላንተ አላስከፍልህም» አለችው።

ባለፈው ግንቦት ፀጉር ሠሪዋ አንዲት ያሸበረቀች ወረቀት ሰጠቻት። የስኬሪ ጫፍ ሙዚየም መከፈቱን የምታበስር ናት። ሦስተኛው ገጽ ላይ እጀታ ያለው የእንጨት ሣጥን ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «የጠባቂው ሚስት ወይዘሮ ሊያ፣ ባለቤታቸው መርከቦችን ሲጠብቁ፣ ለቤተ ሰባቸው ቅቤ የናጡበት መናጫ።»

አክስቴ ፀጉሯ ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ እንደተፈታ ደወለችልኝ።

«አምብሮዝ፣ የመኪናህ በር ተገጠመ?»

«የትኛው በር?»

«ነፋስ የወሰደው ነዋ!»

«ተገጥሟል።»

«እንግዲያው ሰኞ ስኬሪ ጫፍ ትወስደኛለህ። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ክንዷ እስኪዝል ሰው ከሞት ስትጎትት ውላ፣ አሁን ቅቤ ስትንጥ ነበር ብለው ለጎብኚ ያሳዩዋታል። ያ ጽሑፍ ሳይነሣ እኔ አልሞትም። ብሞትም አልቀበርም።»

«ለሲሪል ደውዪና ንገሪው እንጂ።»

«ደወልኩ። ማስረጃ አምጪ አለኝ። ማስረጃ! እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ፣ ሐሜት ነኝ?»

ሲሪል ቲዛርድ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነው። አርባ ዓመት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሮ በጡረታ ስለወጣ፣ ማኅተም ያላረፈበት ነገር ሁሉ ገና እንዳልተፈጸመ ያምናል። ክፉ ሰው አይደለም። አባቱን ጋርላንድን እስከ መጨረሻይቱ ቀን በቤቱ አስታሟል። ሽማግሌው አእምሮው ከደከመ በኋላ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ላም ይጮኽ ነበር ይባላል። ሲሪልን በሱቅ ሰልፍ ላይ «አባትህ እንዴት ዋሉ?» ሲሉት፣ «ዛሬም ላም ናቸው» ብሎ በትሕትና ይመልሳል። በዚህ ማንም አልሳቀበትም፤ እሱ ባለበት ማለቴ ነው።

ሰኞ የአየር ትንበያው ነፋሱ በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ይደርሳል አለ። በግራምፐስ ይህ ልብስ የሚሰጣበት ቀን ነው። ልብሱ ይደርቃል፤ የት እንደሚደርቅ ብቻ ነው የማይታወቀው። አክስቴ የእሑድ ኮፍያዋን በሻርፕ ከአገጯ ሥር አስራ፣ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ላግዛት ብዬ ስቀበላት ክንዴ ወደ መሬት ወረደ።

«ምን አለበት? መልሕቅ ነው?»

«ሻይ።»

«ሻይ ይህን ያህል ይከብዳል?»

«ወፍራም ሻይ ነው። ንዳ።»

መንገዱ የባሕር ወሽመጡን ስለሚዞር በመኪና እስከ ጫፉ አርባ ደቂቃ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ዛፎች ከጉልበት አይበልጡም፤ ሁሉም ወደ ምሥራቅ አጎንብሰው ይቅርታ የሚለምኑ ይመስላሉ። ትምህርት ቤታችን የነበረበትን ኩርባ ስናልፍ ከድንጋይ ደረጃው በቀር የቀረ ነገር የለም። ደረጃው አሁን ወደ ምንም ያወጣል። በዚያ ደረጃ ላይ ቆመን የወንዞችን ስም በቃላችን ስንደግም ነፋሱ ግማሹን ይወስድብን ነበርና፣ እስከ ዛሬ የማውቀው የወንዞቹን መጀመሪያ መጀመሪያ ፊደል ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሕጋችንን አክብሬ የመኪናዬን ፊት ወደ ነፋሱ አዞርኩ። ሁለተኛው ሕግ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ በር በላይ አይከፈትም። ከአጠገባችን የቆመው የኦንታሪዮ አውቶቡስ ግን ሕግ ስለሌለው ሁለቱንም በሮቹን አንድ ላይ ከፈተ። የጎብኚዎቹ ወረቀት፣ ናፕኪንና የአንዲት ሴት ሰፊ ባርኔጣ ነፋሱ በአንዱ በር ሲገባ በሌላው ተከታትለው ወጡ።

«ውይ፣ እንዴት ያለ ንጹህ አየር ነው!» አለች ሴትዮዋ፤ ባርኔጣዋ ያን ጊዜ ወደ ፖርቱጋል መንገድ ጀምሯል።

«አይዞሽ የኔ ዓለም» አለቻት አክስቴ፣ «ቀድሞሽ ደርሶ ይጠብቅሻል።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ወገባችንን ሰብረን ሽቅብ ወጣን። ነጩ ማማ ከላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ባሕሩ አለቱን እየመታ አረፋውን እስከ ፊታችን ይረጫል። ቱሪስቶቹ ውበቱን ሲያደንቁ ይሰማል፤ ማለትም አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። አክስቴ ቦርሳዋን እንደ ሚዛን ድንጋይ በነፋሱ በኩል ይዛ፣ «ይህ ሻይ ባይኖር እኔም ከባርኔጣው ጋር ነበርኩ» ትለኛለች። መንገድ ላይ አንድ የዛገ የብረት ቀለበት አለት ውስጥ ተቀብሮ አለ። እዚያ ስትደርስ ቆመችና ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው።

«እናቴ እዚህ ነበር የምታስረኝ» አለች።

ባርኔጣዋን ያጣችው ሴት ከኋላችን ደርሳ ኖሮ ደነገጠች። «ታስረኝ ነው ያሉት? ምን አጥፍተው?»

«ምንም። ለመጫወት።»

«በገመድ?»

«በገመድ ነዋ። በዚህ ነፋስ በምን ሊሆን ኖሯል፣ በምክር?»

የጠባቂው ቤት በር ላይ በትልልቁ እንዲህ ተጽፏል፦ «በሩን በሁለት እጅ ይያዙ። ሊቀ መንበሩ።» ጽሑፉ አልበቃ ብሎት ሊቀ መንበሩ ራሱ አጠገቡ ቆሟል።

«ያዙ! በሩን ያዙ! ባለፈው ሳምንት ማጠፊያው ተነቅሏል! አክስት ፍሬዳ! እንኳን መጣሽ፤ ግቢ፣ ግቢ፤ አምብሮዝ በሩን!»

በሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ክፍሉ የአያቶቼ ወጥ ቤት ነበር። ምድጃው እንዳለ ነው፤ አሁን ግን በቀይ ገመድ ታጥሮ አትንኩ ተብሏል። በግድግዳው ላይ አምስት ጢማም ሰዎች፣ አምስቱ የማማው ጠባቂዎች፣ በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅለዋል። የመጨረሻው አያቴ አብሰሎም ነው። ከጎኑ ዋናው መሥሪያ ቤት የላከለት የምስጋና ደብዳቤ አለ፤ በ1953 ሰኔ በጭጋግ ሦስት ጀልባዎችን ስለ ማዳኑና ስለ ትጋቱ። አያቴ ሊያ ዝቅ ብላ፣ ከኮት መስቀያው አጠገብ፣ ሽርጥ ለብሳ ትታያለች፤ ክፈፍ የላትም። ከሥዕሏ በታች ሣጥኑ፤ በሣጥኑ ላይ ያው የመናጫው ጽሑፍ ያለበት ካርድ፤ ከካርዱ ጎን ደግሞ በእንጨት ሳህን ላይ አንድ ድፍን ቅቤ። ቅቤው ፕላስቲክ ነው።

አክስቴ ቅቤውን በጣቷ ነካ አደረገችው። እኔ የአንገቷን ጅማት ስላየሁ አንድ እርምጃ ራቅ አልኩ።

ሲሪል ለአውቶቡሱ ሰዎች ገለጻውን ጀመረ። «በዚያ ዘመን እንግዲህ ወንዱ ባሕሩን ሲጠብቅ፣ ሴቷ ደግሞ በዚህች መናጫ...»

«ይቅርታ» አለች ባርኔጣ አልባዋ፣ «ላሟ የት ነበር የምትውለው?»

ይህን ጥያቄ በግራምፐስ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሲሪል ለአፍታ አሰበና በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተ። «ከጀርባ።»

«ከጀርባ ስልሳ ሜትር ገደል ነው ሲሪል» አለች አክስቴ። «የባሕር ላም ነበረችን?»

ሰዎቹ ሳቁ። ሲሪልም አብሮ ፈገግ አለ፤ በኮሚቴ ሥራ የተገራ ፈገግታ ነው። «አክስት ፍሬዳ፣ በስልክ ተነጋግረናል እኮ።»

«ተነጋግረናል። እኛ ወተት የምናውቀው በቆርቆሮ ነው። አንተም የምታውቀው በቆርቆሮ ነው። አሁንም ቤትህ ብገባ በቆርቆሮ ነው የማገኘው። ይህ የጭጋግ ጡሩምባ ነው፤ እጀታው ሲገፋ ውስጡ ያለው ወናፍ ነው የሚነፋው። ካርዱን አንሣ።»

«ስሜትሽ ይገባኛል። ግን እኛ በስሜት ሳይሆን በሰነድ ነው የምንሠራው።» ከማሳያው ጠረጴዛ መስተዋት ሥር አንድ ቢጫ ወረቀት በሁለት ጣቱ አወጣ፤ ሕፃን የሚያነሣ ይመስል ነበር። «ይኸው። 1961። ማማው ሰው አያስፈልገውም ተብሎ ሲዘጋ የመንግሥት ሰዎች ፊት የተሞላ፣ ማኅተም ያለበት የቤተ ሰቡ የግል ንብረት ዝርዝር። ተራ ቁጥር አሥራ አራት፦ የቅቤ መናጫ፣ አንድ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

አክስቴ መነጽሯን አውጥታ በሻርፗ ጠረገች። ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ስጠብቅ ሌላ ነገር መጣ፤ የድሮ ሰው መንገድ ላይ ድንገት ያገኘች ይመስል ነበር።

«የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው» አለች።

ጣቷን ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ አስቀመጠች።

«ያንጊዜ ሁለት ሰዎች በጀልባ መጡ» አለች ቀስ ብላ። «ኮት የለበሱ። የመንግሥት የሆነውን ሁሉ በመዶሻ እየሰበሩ ከገደሉ ወደ ባሕር ይጥሉ ጀመር፤ መብራቱን፣ ሰዓቱን፣ ደወሉን። ለሌላ ሰው እንኳ አይሰጡም፤ ትእዛዝ ነው። የቤተ ሰብ የሆነውን ግን ጽፋችሁ ያዙ አሉን። አባቴ ብዕር መያዝ አይሆንለትም፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ምንም አላለችኝም፤ ሣጥኑ ላይ እጇን አሳረፈች፣ በቃ። እኔም የጡሩምባውን የናስ አፍ ነቅዬ ከአልጋ ሥር ከተትኩና የቅቤ መናጫ ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ከዋና ከተማ ነው የመጣው፤ ላም በመንደር ሁሉ ያለች ይመስለዋል። ማኅተሙን መታልኝ። ተራ ቁጥር አሥራ አምስትን ደግሞ ተመልከት፤ ወንበር፣ አራት ይላል። ሦስት ነበሩን።»

ሲሪል ወረቀቱን መልሶ ያዘ። ድምፁ ተለወጠ፤ እስከ ዛሬ አንቺ የሚላትን ሴት እርስዎ አላት። «ወይዘሮ ፑዲስተር፣ ይህ ሰነድ ሐሰት ነው ማለትዎ ነው?»

«ሐሰት ነው። ጥሩ አድርጌ ነው የዋሸሁት፤ ይኸው ሃምሳ ስምንት ዓመት አገልግሏል።»

«እንዲያ ከሆነ ዕቃው የመንግሥት ንብረት ነው። ማሳወቅ ሊኖርብኝ ነው።»

«አሳውቅ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ወህኒ ቤት ይሞቃል ይላሉ፤ ነፋስም አያስገባም።»

የአውቶቡሱ ሰዎች አሁን ማማውን ረስተውታል። አንድ ሽማግሌ እንደ ቲያትር ተመቻችቶ በተከለከለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አራተኛው ወንበር ሳይሆን አይቀርም።

ሲሪል ግን እንዲህ በቀላል የሚረታ ሰው አይደለም። «መልካም» አለ። «ያኔ ዋሽቻለሁ ብለው አመኑ። አሁን እውነት እየተናገሩ ስለ መሆንዎ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብዳቤው በሚለው በዚያ የጭጋግ ቀን አባቴ ባሕር ላይ ነበር። ከሦስቱ ጀልባዎች አንዱ የእሱ ነው። በሰዓቴና በኮምፓሴ ገባሁ እንጂ ጡሩምባ የሚባል አልሰማሁም ብሎ ነው ሲነግረን የኖረው። አባቴን ውሸታም ልበለው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የግራምፐስ ወንድ ይሰምጣል፣ ይበርደዋል፣ ይራባል፤ መንገድ ጠፋኝ ግን አይልም። ጀልባውን አለት ላይ ሰቅሎ እንኳ ቢገኝ እዚያ ሊያርፍ ፈልጎ ነው። ይህን በልጅነታችን ከወንዞቹ ስም ቀድመን ነው የተማርነው።

«ውሸታም አትበለው» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «ጋርላንድ ደግ ሰው ነበር። ኮምፓሱን ግን ያን ቀን ረስቶት ወጥቷል። እናትህ እስኪገባ ድረስ በእጇ ይዛው የወደቡ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ለእናቴ ራሷ ነው የነገረቻት።»

ከዚያ ዘወር ብላ ለሁላችንም ነገረችን። «የትልቁ ጡሩምባ ሞተር ጠዋት ቆመ። አባቴ መፍቻ ይዞ ከሥሩ ገባ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ እግሩን ብቻ ነው ያየነው። እናቴ ይህን ሣጥን አውጥታ አፋፉ ላይ ተንበረከከች። ጭጋግ ውስጥ ያለ ጀልባ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ እኛ ሦስት ጊዜ እንመልሳለን፤ ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ካልነፋህ እሱ አንተ የት እንዳለህ አያውቅም፤ ዝም ካላልክ ደግሞ አንተ እሱ የት እንዳለ አታውቅም። ሁለቱ ጀልባዎች ከቀትር በፊት ገቡ። ሦስተኛው ግን ወደ ድንጋዮቹ በኩል ሲሄድ ይሰማናል፤ ይነፋል፣ እንመልሳለን፣ ይርቃል፤ ደግሞ ይነፋል። እሷ ውሃ ስትጠጣ እኔ እገፋለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሷ የጠጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሲገባ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነበር። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሲኒ ማንሣት አቅቷት ሻይ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ለአባቴ ደብዳቤ መጣለት። አባቴ አፍሮ መሳቢያ ውስጥ ደበቀው፤ እናንተ አግኝታችሁ በወርቅ ክፈፍ ሰቀላችሁት።»

«ሰነድ የለውም» አለ ሲሪል፤ ግን ወደ ወለሉ እያየ ነበር።

«ሰነድ አምጥቻለሁ።» አክስቴ ቦርሳውን ከፈተች። ከውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ፎጣው ሲገለጥ የክንድ ርዝመት ያለው፣ ጫፉ እንደ አበባ የተከፈተ የናስ ጡሩምባ ሆነ። በዘመኔ ሁሉ የጓዳዋን በር ደግፎ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እኔም እንግዲህ ከተማሩት አንዱ ነኝ።

የናሱን ጫፍ በሣጥኑ ፊት ባለው ክብ ቀዳዳ ላይ አስገብታ ሩብ ዙር አዞረችው። ጠቅ አለ።

«አይሠራም» አለ ሲሪል። «ሃምሳ ስምንት ዓመት...»

«ቆዳውን ዘይት የሚቀባው ማን ነው?»

«እኔ። በየሳምንቱ። መናጫው እንዳይሰነጠቅ ብዬ።»

«እግዜር ይስጥህ» አለች አክስቴ፤ በድምፅዋ ምፀት አልነበረበትም። «አምብሮዝ፣ ሣጥኑን ያዝልኝ።»

ተንበርክኬ ያዝኩት። ኮፍያዋን አውልቃ እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች። በመጀመሪያው ግፊት አቧራና አንዲት የሞተች የእሳት እራት ወጡ። በሁለተኛው አንድ ረዥም ትንፋሽ። ከጎብኚዎቹ አንዱ አፉን ይዞ ሳቀ። በሦስተኛው ያ ድምፅ መጣ። በልጅነቴ እንደማውቀው ግዙፍ አልነበረም፤ ያረጀ፣ የሰለለ፣ መሀሉ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። ሆኖም ድንቹ እዚያው ጉሮሮው ላይ እንዳለ ነው። የሊጡ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ሦስት ጊዜ ነፋች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ላሟ ተገኘች!» አለ በተከለከለው ወንበር ላይ ያለው ሽማግሌ።

አክስቴ አልሰማችውም። እጀታውን እንደያዘች አንገቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ፣ እስትንፋሷን ውጣ፣ አዳመጠች። ከዚያ እንደገና ሦስት ጊዜ።

ቀና ብዬ ሲሪልን አየሁት። አልሳቀም። እሱም አንገቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ ነበር፤ በትክክል እንደ እሷ፣ በዚያው በኩል።

«ከዚያ ያዳምጣል» አለ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። «ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ መስኮቱን ያያል። አራት ዓመት ሙሉ። እኔ ደግሞ፣ አባባ እዚህ ላም የለም፣ አባባ ዝም በል እለዋለሁ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ባርኔጣ ያጣችው ሴት ለሽማግሌው በክርኗ ምልክት ሰጠችው፤ ከወንበሩ ተነሣ።

«ሲሪል» አለች አክስቴ፣ እጀታውን ለቃ። «የኔ ልጅ።»

ሲሪል ቀዩን ገመድ ተሻገረ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ካርዱን ከሣጥኑ ላይ በጥፍሩ ላጠና አጥፎ ኪሱ ከተተ። የፕላስቲኩንም ቅቤ አነሣና የት እንደሚያደርገው ሲቸግረው እሱንም ኪሱ ከተተው። ከደረት ኪሱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ብቻ የሚፈርምበትን ጥቁር ብዕር አወጣ፤ ከጠረጴዛው አንድ ባዶ ካርድ መዘዘ፤ ሁለቱን በሣጥኑ ክዳን ላይ፣ በአክስቴ ፊት፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። «ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ» አላት። ከዚያ ኮቱን ከመስቀያው ሳያነሣ፣ ማንንም ሳያይ፣ በሩን በአንድ እጁ ከፍቶ ወጣ። አልያዘውም።